የጋለ ጋዝ አይወድቅም

በቦንጋው ባርታ የመምህራን ማሠልጠኛ ግምገማ የሚጀመረው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አዳራሹ ለይስሙላ ነው። ግምገማ የሚጀመረው ቀደም ብሎ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጥግ ይዞ «አንተ ስለ እኔ ምን ትላለህ? እኔስ ስለ አንተ ምን ልበል?» ሲባባል ነው። ድክመት የሌለበት ሰው ድብቅ ነው ስለሚባል ያለ ድክመት መቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ የማይጎዳ፣ ከተቻለም ምስጋና የሚመስል ድክመት ይመረጣል፤ «ሥራ ያበዛል፣ ለጤናው አያስብም» ዓይነት። የራስህን ድክመት ለወዳጅህ ታቀብለዋለህ፣ እሱም የራሱን ያቀብልሃል፣ ከዚያ አዳራሽ ገብታችሁ ኮስተር ብላችሁ ትወራወራላችሁ። መድረክ የሚመሩት ሰዎች ይህን «መሞዳሞድ» ብለው ያወግዙታል፤ እርስ በርሳቸው ለመሞዳሞድ ግን ማንም አይቀድማቸውም።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሰብሌና ይዲድያም እንደ ሰው ተሞዳሞዱ። ሁለቱም የፊዚክስ መምህራን ናቸው፤ አንድ ቢሮ ይጋራሉ፣ ከአንድ የምሳ ዕቃ ይበላሉ። የሰብሌ አባት ከሰሜን መጥተው ዋጫ ላይ በመንግሥት ሥራ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን «አንቺ እዚህ አትቀሪም» እያሉ አሳደጓት፣ እሷም ይህን ነገር እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ይዲድያ የዚያው አገር፣ የማንኪራ ልጅ ነው። ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ፣ ስሌት ላይ ግን የሚደፍረው ያልነበረ። ቦንጋ ውስጥ «እናንተ ልጆች መቼ ነው የምትጋቡት?» ያላላቸው የለም። እነሱ ደግሞ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት ስለ ጥቁር ጉድጓድ ነበር።

የሚያወሩት ነገር እንዲህ ነው። በጋላክሲያችን እምብርት አንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል፤ የቀረበውን ሁሉ ይስባል፣ ብርሃን እንኳ ከውስጡ አያመልጥም። ዙሪያውን በጋለና በሳሳ ጋዝ ተከቧል። በዱሮው ስሌት ከሄድን ያ ጋዝ እየተንደረደረ ወደ ውስጥ መግባት፣ ሲገባም አካባቢውን በብርሃን ማንቦግቦግ ነበረበት። አይንቦገቦግም። ጭል ጭል ብቻ ነው የሚለው። ታዲያ ጋዙ ለምን አይገባም? ሰብሌ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የጻፈችው ስለዚህ ነበር፤ ስትጨርስ አንድ ሐሳብ መጣላትና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ሲቆይ እጀታው ይሞቃል። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ጋዝ ከሁሉ የጋለ ነውና ሙቀቱ በጋዙ ውስጥ ተላልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውጭ ያለውንም ያግለዋል። የጋለ ጋዝ ደግሞ ያብጣል፣ ይሳሳል፣ አልወድቅም ይላል። ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዋ ሐሳቡን ወደውታል። «በስሌት አሳዪኝና ለዶክትሬት እቀበልሻለሁ። ዘንድሮ ካልመጣሽ ግን ለሌላ ተማሪ እሰጠዋለሁ» ብለዋታል። ማሠልጠኛው በዓመት የሚልከው አንድ መምህር ብቻ ነው፤ ማን እንደሚሄድ የሚለየው ደግሞ በግምገማ ነው። ያመለከቱት ሁለት ናቸው፤ ሰብሌና ይዲድያ። ይዲድያ ያመለከተው እሷው ገፋፍታው ነበር፤ «አንዳችን ከሄድን ሁለታችንም ሄድን ማለት ነው» ብላ። እንዲህ ያለ ንግግር ለመናገር ደስ ይላል።

ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮግራም የጻፈው ይዲድያ ነበር። ሙቀት ማስተላለፉን ሳይጨምሩበት ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ሲጨምሩበት ያብዳል። የጋዙ ውጨኛ ጫፍ እየጋለ፣ እየጋለ ይሄድና ትርጉም የሌለው ቁጥር ይተፋል። አንድ ኮምፒውተር አልበቃ ሲላቸው ቅዳሜና እሑድ የተማሪዎቹን የኮምፒውተር ክፍል ከፍተው በሁሉም ማሽኖች ላይ ይሞክሩት ጀመር። ማንንም አላስፈቀዱም። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን በኃይል መጣ። የመብራቱን ኃይል የሚመጥነው ስታቢላይዘር አልተሰካም ነበር። የነቀለችው ሰብሌ ናት፤ እንደ ንብ እዝ እያለ ማሰብ ከለከለኝ ብላ። በግድግዳው በኩል የነበሩት ማሽኖች ጭሰው ዝም አሉ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው «መብራት ነው» አለ፤ እነሱም «መብራት ነው» አሉ።

ለግምገማው የተመራረጡት ድክመት ንጹሕ ነበር። እሷ ስለ እሱ «ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች አይሰሙትም» ልትል። እሱ ስለ እሷ «ምርምሯን ስታስብ ሰላምታ ትረሳለች» ሊል። ሻይ ቤቱ ውስጥ እየተሳሳቁ ተለማመዱት።

በግምገማው ዋዜማ እትዬ ተሾመች ሰብሌን መተላለፊያው ላይ ያዟት። እትዬ ተሾመች የዲኑ ጸሐፊ ናቸው፤ ክፉ ሴት አይደሉም፣ የሰሙትን ማሳደር ግን አይችሉም።

«ልጄ፣ ከዚያ ልጅ ጋር ደህና ናችሁ?»

«ከይዲድያ ጋር? ምነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጠዋት ከዲኑ ጋር በር ዘግተው ብዙ ቆዩ። ስምሽ ሲነሳ ሰምቻለሁ። አንዴም አይደል፣ ደጋግሞ። ብቻ ጠንቀቅ በይ ብዬ ነው።»

ሰብሌ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስትገባ ይዲድያ የፈተና ወረቀት ያርማል። ዲኑ ጋ ሄዶ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሊነግረኝ ቢፈልግ ኖሮ ራሱ ይነግረኝ ነበር አለች በልቧ። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፤ ፈገግታው ያው የሁልጊዜው ነው፣ ለእሷ ግን ያን ቀን የሌባ ፈገግታ መሰላት። ስታቢላይዘሩን ነግሮባት ይሆናል። ሌላ ምን በር የሚያዘጋ ነገር አለ? አንድ ጥያቄ ብትጠይቀው ሁሉም ያልቅ ነበር። ፈሪ ሰው ግን አይጠይቅም፤ ያሰላል። እሷም ቁጭ ብላ አሰላች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ተናጋሪ ሁሉ መጮህ ነበረበት። ዲኑ አቶ ኃይለመስቀል መድረኩን ያዙ፤ ሽቅርቅር ያሉ፣ ሰው ሲወድቅ ድምፃቸው የሚለሰልስ ሰው ናቸው። «መሞዳሞድ የለም» ብለው ጀመሩ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከሻይ በፊት የይዲድያ ተራ ደረሰ። በጥንካሬ ብዙ ተነሳለት፤ ሰዓት አክባሪ፣ ተማሪ ወዳድ፣ ትሑት።

«በድክመትስ?» አሉ ዲኑ።

ሰብሌ እጇን አወጣች። ይዲድያ ስለ ዝቅተኛ ድምፁ ሊሰማ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ያቺ የሻይ ቤት ሳቅ ጭላንጭሏ ነበረች።

«ባልደረባዬ ነው፣ ለመናገር ይከብደኛል» አለች ሰብሌ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው እንደማይከብደው ሁላችንም እናውቃለን። «መምህር ይዲድያ በሳምንት መጨረሻ ቀናት ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ክፍሉን እየከፈተ የግል ሥራ ይሠራ ነበር። ማሽኖቹ የተቃጠሉት በመብራት ብቻ አይደለም። ስታቢላይዘሩ ተነቅሎ ነበር።»

 ዲኑ ብዕራቸውን አስቀመጡና ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ብቻውን ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ አላሰላችም ነበር። ይህን ያህል ልንመሰክርላት ይገባል። ያኔ ቢሆን «አብረን ነበርን» ማለት ይቻል ነበር፤ መንገዱ ክፍት ነበር፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰብሌ ግን የአማካሪዋ ድምፅ መጣባት፣ ከሱ ጋር የአባቷ ድምፅ፣ ከዚያም ዕድሜ ልኳን የኒውተንን ሕጎች ስትደግም የምትታያት አንዲት አሮጊት መምህርት።

«እኔ እስከማውቀው ብቻውን ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግምገማ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንድ ሰው ሲነካ ሌላው ለመንካት ይደፍራል። ትናንት ከይዲድያ ጋር ሻይ የጠጣው ሁሉ ተነሳ። አንዱ «የሕዝብ ሀብት» አለ፣ አንዱ «ኪራይ ሰብሳቢነት» አለ፣ አንዲት የአማርኛ መምህርት ዝምታውን ሁልጊዜ ትጠረጥረው እንደነበር ተናገረች። ሰብሌ እንኳ ያላሰበችው ነገር ሲከመርበት ለማስቆም እጇን አላወጣችም። ይዲድያ ከፊቱ ያለችውን የጠረጴዛ ልብስ እያየ ጣቱን በላይዋ ላይ ቀስ አድርጎ ይነዳ ነበር፣ የሆነ ነገር እንደሚጽፍ። ግለ ሂስ እንዲያደርግ ሲጠየቅ ተነሳ።

«ትክክል ነው። ክፍሉን ከፍቻለሁ፣ ተጠያቂ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ ስለነበር ኋላ ያሉት አልሰሙትም፤ ዲኑ ደገሙላቸው። ሲ ተሰጠው። ሲ ያገኘ ሰው ቦታው ላይ አይቆይም።

በሻይ ዕረፍት ቆሎና ለስላሳ ተሰጠ። ይዲድያ በረንዳው ጫፍ ላይ ብቻውን ቆመ። ወደ እሱ የሄደ የለም፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን አዙሮ ስለ ዝናቡ ያወራል። ሰብሌ ጠርሙሷን ይዛ መጸዳጃ ቤት ገባችና እዚያው ቆየች። የእሷ ተራ ቀጣዩ ነው። አሁን ይነሳና ሁሉንም ይዘረግፈዋል፤ ሐሳቡ የሷ ነው፣ አብራኝ ነበረች፣ ስታቢላይዘሩን የነቀለች እሷ ናት። ቢል እውነቱን ነው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ እንኳ አንድ ትንሽ የክፉ መጽናኛ አገኘች፤ እሱ ከተናገረ እኩል እንሆናለን አለች።

ተራዋ ደረሰ። በጥንካሬ ተነሳላት፤ ደፋርነቷ በተለይ፣ ባልደረባዋን እንኳ ሳትሸፋፍን። በድክመት ሲባል መላው አዳራሽ ወደ ይዲድያ ዞረ። ሰው ቂም ሲወጣ ማየት ይወዳል። ይዲድያ ዝግ ብሎ ተነሳ።

«መምህርት ሰብሌ ምርምሯን ስታስብ ሰላምታ ትረሳለች። ይህን ብታሻሽል ጥሩ ነው» አለ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የተቀሩት አፈሩ፣ ወይም የሚያፍሩ መሰሉ። እሷ እንደ ደንቡ ተነስታ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ማለት ነበረባት፣ አለችም።  ኤ ተሰጣት።

ለዶክትሬት የምትላክበት ደብዳቤ ሲደርስ አቶ ኃይለመስቀል ቢሮአቸው አስጠሯት። እትዬ ተሾመች በሩ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» ብለው ጉንጯን ሳሟት። ዲኑ ወንበር አሳዩአትና ደብዳቤውን ከመስጠታቸው በፊት እንደ ቀልድ አድርገው አነሱት።

«ይዲድያማ አስቀድሞ ስሙን አስወጥቶ ነበር እኮ።»

«ምን አሉኝ?»

«በዋዜማው ጠዋት እዚህ መጥቶ ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ አለኝ። ጥያቄው የሰብሌ ነው፣ እኔ ስሌቱን ነው የማግዛት፣ የመጣችበት ሐሳብ ግን ትልቅ ነው፣ እሷን ላኩ አለኝ። ጋዙ እንዴት እንደማይወድቅ ሁሉ በወረቀት ላይ እየሣለ ሊያስረዳኝ ሞከረ። እኔ እንኳ ብዙም አልገባኝም።»

ሰብሌ የእትዬ ተሾመች ወሬ ትዝ አላት። ስሟ ደጋግሞ የተነሳው ለዚህ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሌላ አመልካች እንዳልነበረ ያውቁ ነበር። እጄን ሳወጣ ያውቁ ነበር።»

«እኔ መድረክ እመራለሁ እንጂ ሰው እንዳይናገር አላግድም» አሉ ዲኑ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ዞኑ ስለነዚያ ኮምፒውተሮች ሲወተውተኝ ከርሟል። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር። ተገላገልኩ።» ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላት። «ብቻውን እንዳልነበረም አውቃለሁ። ጥበቃው በሩ ላይ ሁለት ጃንጥላ አይቷል። አይዞሽ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ብቻውን ነው ብለሻል፤ የጸና ነው። አሁን ልለውጥ ብትዪ ለማንም አይበጅም። ለእሱም የሚመልስለት የለም፣ አንቺም ትቀሪያለሽ።»

ደብዳቤውን አንስታ በዚያው ጠረጴዛ ላይ መተው ትችል ነበር። ተናደደች፣ አፈረች፣ ራሷን ጠላች፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ የውሸት አልነበረም። ደብዳቤውን ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

ይዲድያ ከቦንጋ ርቃ ባለችው ቢታ ገነት ተመደበ። የሚሄድበትን ቀን የነገሯት ሌሎች ናቸው፤ ከግምገማው ወዲህ ቢሮ የሚገባው እሷ ስታስተምር ነበር። ጠዋት መናኸሪያ ስትደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ዕቃ ያስራል፣ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ይዲድያ ሻንጣውን አስጭኖ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሲያያት አልተቆጣም፣ አልሸሸም። እሱ ቢሸሽ ይሻላት ነበር።

«ደብዳቤው ደረሰሽ?» አላት።

«ደረሰኝ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ዲኑ ነገሩኝ። ስምህን እንዳስወጣህ ነገሩኝ። ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«ከግምገማው በኋላ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ምሬት ፈለገች፤ ምሬት ብታገኝ የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር። ድካም ብቻ ነው ያለው።

«አዳራሽ ውስጥስ? አብረን ነበርን ብትል ምን ነበረበት? ለምን ዝም አልክ?»

«እና ሁለታችንም እንቅር? ጥያቄውን ማን ይሠራዋል?» ጭቃውን አየ። «ሰብሌ፣ ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ አሁን አልችልም። ምናልባት ሌላ ጊዜ። እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ረዳቱ «ቢታ ገነት፣ ቢታ ገነት» እያለ ከጣሪያው ወረደ። ይዲድያ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገና ተመለሰ።

«ያ ነገር ግን ተገኝቷል» አላት።

«የቱ?»

«ውጨኛው ጫፍ የሚያብደው። እኛ ሙቀቱን ያለ ገደብ ነበር የለቀቅነው። ያን ያህል በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሙቀቱን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፤ እነሱ ከሚሮጡት በላይ ሊሄድ አይችልም። የሙቀት ልዩነቱ የፈለገውን ቢሆን ጣሪያ ይበጅለት፣ ከዚያ አይለፍ። ጣሪያው ጥግግቱ በድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ከነኃይሉ፣ በራሱ ተባዝቶ። ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቁጥር አስገቢበት፣ እየቀያየርሽ ሞክሪ። ያኔ አያብድም። ጋዙም አይገባም፣ እንዳልሽው። ከዱሮው ስሌት እጅግ ያነሰ ነው የሚገባው።»

ሰብሌ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«መቼ አገኘኸው?»

«አዳራሹ ውስጥ። አንቺ ስትናገሪ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት። «ላለመስማት የሆነ ነገር ማሰብ ነበረብኝ።»

ገባ። በሩ ተዘጋ። ሰብሌ ጭቃው ውስጥ ቆማ ልቧ ሲሰነጠቅ ተሰማት፤ ማንንም እንደ እሷ ሲያዝን አይተን ቢሆን እናዝንለት ነበር። እጇ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ብዕርና ወረቀት እየፈለገ ነበር። ጥግግት ብላ ጻፈች። የድምፅ ፍጥነት ብላ ጻፈች። ብዕሯ እዚያ ላይ ቆመ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሷም ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየቀረ በመስኮቱ በኩል ትሮጥ ጀመር። ይዲድያ አይቷት መስኮቱን ከፈተ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ፣ ምን ልትለው እንደምትሮጥ የገመተ መሰለ።

«ስኩዌር ነው ወይስ ኩብ?» ብላ ጠየቀችው።

 ይዲድያ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ሦስት ጣቱን አሳያትና መስኮቱን ዘጋው። እሷም ቆማ ሦስት ቁጥርን በትንሹ ከላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም፤ በሕይወቷ ለይዲድያ የተናገረችው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።